ለተጎዳ ሯጭ ቀን አትቁረጡ፦ ለክለብ ኃላፊዎች፣ ለአሰልጣኞችና ለማናጀሮች ግልጽ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ ሯጭ ሲጎዳ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መቼ ትመለሳለህ?» ብላችሁ ነው። ሁለተኛውም ጥያቄ እሱው ነው። ሦስተኛው ላይ መጠየቁ ቀርቶ የውድድር ካላንደር ይገለጥና «እዚህች ላይ ትደርሳለህ» ተብሎ ቀን ይቆረጣል። የምለምናችሁ ይህን እንድትተዉልን ነው። የምንመለስበት ቀን እግራችን ምን መሥራት እንደቻለ እየታየ ይወሰን። እስከዚያው ደግሞ «አሞኛል» ያለ ሰው በመናገሩ አይቀጣ። ደብዳቤው ይረዝማል፤ ቁም ነገሩ ግን ይኸው ነው።

ማን ነሽ ለምትሉኝ፣ የረጅም ርቀት ሯጭ ነኝ። 10 ሺህ ሜትርና ግማሽ ማራቶን እሮጣለሁ፣ የምኖረውም በዚያው ነው። ስሜን አልጽፍም፤ የማንንም ስም አልጠራም። ስም ቢገባበት «እነ እገሌ ናቸው» ይባልና ሌላው እጁን ታጥቦ ይቀመጣል።

የተጎዳሁት የጭን አጥንት አንገት ላይ ነው። ዳሌ ውስጥ ከሚገባው ክብ ጫፍ ዝቅ ብሎ ያለው ቀጭኑ ቦታ። ሲጀምር ብሽሽቴ ላይ ደብዘዝ ያለ ሕመም ነበር፤ ሲሞቀኝ ይጠፋል፣ ልምምድ ሲያልቅ ይመለሳል። ወዲያው ተናገርኩ። «ጡንቻ ነው፣ ታሺ» ተባልኩ። ታሸሁ፣ አልለቀቀኝም። ሌሊት ተኝቼም ያመኝ ሲጀምር ራጅ ተነሣሁ። ራጁ ንጹሕ ነበር። ራጁ ንጹሕ ከሆነ በኋላ ሰነፏ እኔ ሆንኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ይህን ነገር የማያውቅ አሰልጣኝ ዛሬም ስላለ። በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ራጁ ላይ የሚወጣው አጥንቱ መጠገን ጀምሮ አዲስ አጥንት ሲከማች ነው፤ አንዳንዴ ያኔም አይታይም። ቀድሞ የሚይዘው ኤምአርአይ ነው። ስለዚህ ብሽሽቷን የሚያማት፣ በአንድ እግሯ ዘለል ስትል ሕመሙ የሚጨምርባት ሯጭ ካለቻችሁ፣ ኤምአርአይ ተነሥታ እስኪጣራ ድረስ አጥንቷ እንደተሰነጠቀ ቁጠሩት። ቦታው ቀልድ አያውቅም። ስንጥቁ በታችኛው ጎን፣ የሰውነት ክብደት በሚጨምቀው በኩል ከሆነ ብዙ ጊዜ በክራንችና በእረፍት ይድናል። በላይኛው፣ በሚወጠረው በኩል ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ በብሎን ይታሰራል። ተሮጦበት ጨርሶ ተሰብሮ ከቦታው ከተንሸራተተ ደግሞ ወደ አጥንቱ ራስ የሚሄደው ደም ሊቋረጥ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሚኒማ፣ ማለትም ለውድድር ስለሚያበቃ ሰዓት፣ የሚያወራ የለም፣ ወሬው ስለ ሰው ሠራሽ ዳሌ ይሆናል።

የእኔ በታችኛው በኩል ሆኖ ተገኘ። ክራንች ተሰጠኝ። ክለቡ «አይዞሽ» አለኝ፣ ብዙም ሳይቆይ ከቡድኑ ዝርዝር ወጣሁ፣ ክፍያዬም ተቀነሰ። ውሉ ይፈቅድላቸዋል፤ አንብቤ የፈረምኩት ነው፣ ሕግ ጣሱ እያልኩ አይደለም። ግን አብረውኝ የሚለማመዱት ልጆች ይህን ሁሉ እያዩ ነበር። አንዷ ቅልጥሟን ሲያማት እንደከረመ አውቃለሁ። ለኮች ንገሪ አልኳት። «አንቺ ተናግረሽ ምን አገኘሽ?» አለችኝ።

መልስ አጣሁላት። እናንተስ ምን ትሏታላችሁ?

ሯጮች ጉዳት ይደብቃሉ ብላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ይደብቃሉ። የሚደብቁት ሞኝ ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳቡን ሠርተው ነው። ብትናገር ክፍያህ ዛሬ ይቀነሳል። ብትደብቅ ምናልባት ያልፍልሃል፣ ካላለፈልህም ከውድድሩ በኋላ ነው የሚታየው። በዚህ ሒሳብ የሚደብቀው ሰው ምኑ ላይ ተሳሳተ? ሒሳቡን ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ።

ታዲያ ለምን ይሄን ያህል ይቆያል ትላላችሁ። አጥንት ሕያው ነገር ነው፤ እየፈረሰ እየተሠራ ነው የሚኖረው። የደከመውን የሚያፈርሱ ሴሎች አሉ፣ አዲሱን የሚሠሩ ደግሞ ሌሎች ናቸው። አፍራሾቹ ቀድመው ይደርሳሉ፣ ሥራቸውንም በሳምንታት ይጨርሳሉ። ገንቢዎቹ ግን ወራት ይፈልጋሉ። በዚህ የተነሣ ልምምድ በድንገት ሲጨመር አጥንቱ ከመጠንከሩ በፊት ለተወሰነ ጊዜ ይደክማል፤ በዚያ ክፍተት ላይ ኪሎ ሜትር ሲደራረብ ይሰነጠቃል። ሲድንም ያው ነው። ሕመሙ ቀድሞ ይሄዳል፣ አጥንቱ ግን ገና ነው። ያልደረቀ ሲሚንቶ በሉት፣ ላዩን ሲያዩት ያለቀ ይመስላል። «አሁን አያምሽም አይደል? በቃ ጀምሪ» የሚባለው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው።

ደግሞ ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። የቅልጥም አጥንት ውስጠኛው ጎን ላይ ያለ ቀለል ያለ ስንጥቅ በስድስት፣ በስምንት ሳምንት ሶምሶማ ለመጀመር ሊያደርስ ይችላል። የጭን አጥንት አንገት፣ የቅልጥም ፊት ለፊት፣ ናቪኩላር የምትባለው የእግር መሐል አጥንት፣ እነዚህ ወራት ይፈጃሉ። አሰልጣኞች ግን «እገሊት በስድስት ሳምንት ተመልሳለች» ማለት ትወዳላችሁ። እገሊት የተጎዳችው ሌላ ቦታ ላይ ነው እኮ!

ጅማትም ቢሆን አይቸኩልም። እ.ኤ.አ. በ1998 አልፍሬድሰን የተባለ ስዊድናዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው የተረከዝ ጅማት ልምምድ ዛሬም በየክሊኒኩ ይሰጣል። የጣት ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያደረጉ ዝቅ ማድረግ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት ሰባቱንም ቀን፣ ለ12 ሳምንት። 12 ሳምንት! እኛ ዘንድ ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ «ይሄ ነገር አልሠራም» ይባልና መርፌ ይፈለጋል።

ስለ መርፌው አጭር ነገር ልበል። ኮርቲኮስቴሮይድ ሕመሙን ያበርደዋል፣ የታመመ ጅማት አካባቢ ሲወጋ ግን ጅማቱ እንዲበጠስ ሊያጋልጥ ይችላል። በመርፌ መውሰዱም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በውድድር ወቅት በፀረ ዶፒንግ ሕግ የተከለከለ ነው። ትራማዶል የተባለው የሕመም ማስታገሻም ከ2024 ጀምሮ እንዲሁ። «አንዲት መርፌ ብቻ» የሚል ሰው ሲመጣ ጅማቱም ቅጣቱም የሚቀረው ሯጩ ላይ እንጂ መካሪው ላይ አይደለም።

«እስከዚያ ፎርሟ ይጠፋል» የሚለውን ስጋት እረዳለሁ። ይጠፋል። ግን ምን ያህል? እ.ኤ.አ. በ1984 ኮይል የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በደንብ የሠለጠኑ ስፖርተኞችን ልምምድ ጨርሰው እንዲያቆሙ አድርገው ለክተዋቸዋል። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በ21 ቀን 7 በመቶ ያህል ወረደ፤ በ56 ቀን 16 በመቶ ያህል ወርዶ እዚያው ረጋ። እነዚያ ሰዎች ምንም ሳይሠሩ ነው የተቀመጡት። የተጎዳ ሯጭ ግን ሐኪም ሲፈቅድለት ብስክሌት ይመታል፣ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ቀበቶ ታጥቆ ይሮጣል፣ ያልተጎዳውን የሰውነቱን ክፍል ጂም ያሠራል። የሚጠፋው ይጠፋል፣ የጠፋው ደግሞ ይመለሳል። እንዲያውም እኔን የሚያስፈራኝ በተቃራኒው ነው፤ ልብና ሳንባ ከአጥንት ቀድመው ይመለሳሉ። ትንፋሼ «እንሂድ» ይለኛል። የሚሰማኝን ብከተል ኖሮ እስካሁን ሁለተኛ ስንጥቅ ላይ ነበርኩ።

አሁን ወደ ኃይሌ ልምጣ። የተጎዳ ሯጭ ፊት ሁልጊዜ የሚነገር ታሪክ ስለሆነ። «ኃይሌ እኮ ሲድኒ ላይ በታመመ እግር ሮጦ አሸንፏል!» አዎ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ኦሎምፒክ፣ በ10 ሺህ ሜትር፣ የተረከዝ ጅማቱ እያመመው ሮጦ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀድሟል። የአትሌቲክስ ታሪክ ውስጥ ካሉት ውብ ውድድሮች አንዱ ነው፣ እኔም ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ንገሩን እንጂ። ከሲድኒ በኋላ ጅማቱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል፤ በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና፣ አራት ጊዜ ተከታትሎ ባሸነፈበት ርቀት፣ ሦስተኛ ወጣ። ምርጫው የራሱ ነበር፣ ዋጋውንም ራሱ ከፍሏል። ለሌላው ሰው ማስገደጃ መሆኑ ነው የከነከነኝ።

እኔ ይበልጥ የምወደው የቀነኒሳን ነው። በባት ጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. የ2010ን የትራክ ውድድር በሙሉ ሳይሮጥ አለፈው። በ2011 ዴጉ ላይ ዓለም ሻምፒዮና ደረሰ፣ የ10 ሺህ ሜትሩን ፍጻሜ ጀምሮ አቋረጠ። ያኔ «አበቃለት» ያላለ ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ብራሰልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ከዚያም ስንት ጉዳት ካለፈበት በኋላ፣ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ፤ በጊዜው ከነበረው የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ። ዴጉ ላይ ባየው ብቻ ፋይሉን የዘጋ ሰው በርሊንን አያይም ነበር።

እንግሊዛዊቷ ማራቶን ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍም እ.ኤ.አ. በ2008 የጭን አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር። ኦሎምፒክ ማንንም አይጠብቅምና በነሐሴ ቤጂንግ ላይ ሮጣ 23ኛ ወጣች። በዚያው ዓመት፣ በኖቬምበር መጀመሪያ፣ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። ያችው ሯጭ፣ በመሐል ከሦስት ወር ያነሰ ጊዜ።

ሌላም ማንም የማያነሣው ነገር አለ። ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ጫማዬ ወይም ስለ አስፋልቱ አልነበረም። «በደንብ ትበያለሽ? የወር አበባሽ ይመጣል?» ነው ያለችኝ። ስንት ዓመት ስሮጥ አንድም አሰልጣኝ ጠይቆኝ አያውቅም። ክብደቴን ግን ሁሉም ይጠይቃል! ሰውነት ለልምምዱ የሚበቃ ምግብ ካላገኘ ሌላውን ሥራ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሆርሞን ይወርዳል፣ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቆማል፣ አጥንት ይሳሳል። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች ይህን ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰነድ አውጥተው በ2018 እና በ2023 አሻሽለውታል። ወንዶችንም ይነካል፣ እነሱ ላይ ግን እንደ ወር አበባ ያለ ምልክት ስለሌለ ሳይታወቅ ይቆያል። ወንድ አሰልጣኝ መጠየቅ ቢያሳፍረው የሚጠይቅ ሰው ይመድብ። የወር አበባዋ ለወራት የቀረባት ሯጭ «ቀጠነች፣ ፎርም ላይ ናት» እየተባለ ስትጨበጨብላት ማየት ሰለቸኝ።

የማገገሙን ነገር ደግሞ ከውጭ ሲያዩት እረፍት ይመስላል። አይደለም። ጠዋት የምትነሣበት ምክንያት ይጠፋል። የቡድኑ ቴሌግራም ላይ የነገው ፕሮግራም ይለጠፋል፣ አንቺን አይመለከትም፣ ግን ታነቢዋለሽ። ከኋላሽ የነበረች ልጅ ያንቺን ሰዓት ስትሮጥ ደስ ይልሻል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ አንጀትሽ ይቃጠላል፣ ሁለቱም እውነት ነው። ሰው «ጠንካራ ሁኚ» ይልሻል። በሕመም ላይ መሮጥ ለሯጭ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ማን ይንገራቸው! ከባዱ እግርሽ ሳያምሽ፣ ትንፋሽሽ ሞልቶ፣ ፀሐይዋ ወጥታ፣ ሰዓት አይተሽ «ለዛሬ በቃ» ብሎ መቆም ነው።

አሁን አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ ላይ ነኝ። በየሁለት ቀኑ። ለጤናቸው የሚሮጡ ሽማግሌዎች ያልፉኛል፤ አንዱማ «አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ» ብለውኛል። ስቄ አመሰገንኳቸው። ምን ልበላቸው?

እዚህም የደረስኩት ካላንደር አይቼ አይደለም። መጀመሪያ ያለ ክራንች ሳያመኝ መራመድ ነበረብኝ። ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ በፍጥነት መራመድ። ከዚያ በተጎዳው እግር ብቻ መዝለል። እያንዳንዱን ካለፍኩ በኋላ ፊዚዮቴራፒስቱ የሚጠይቀኝ የዚያን ቀን ምን እንደተሰማኝ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ጥያቄው «በማግሥቱ ጠዋትስ?» ነው። ካመመኝ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። መጀመሪያ የሚጨመረው የሩጫው ርዝመት ነው፤ ስፒድ ከሁሉም በኋላ ነው የሚመጣው። ቀን የሚባል ነገር የለበትም፣ ግን ልቅም አይደለም። እንዲያውም ከእናንተ ቀጠሮ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ማንም ሊዘልለው አይችልማ።

ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገውን ልናገር።

የክለብ ኃላፊዎችና ስፖንሰሮች፣ ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ጉዳቱን በጊዜ የተናገረ፣ በምርመራ የተረጋገጠለትና የማገገሚያ ፕሮግራሙን የሚከታተል ሯጭ ለተወሰነ ጊዜ ክፍያው አይቀነስ። ጊዜውን እንደራደር፣ ዝግ አይደለሁም። «በስፖርቱ ያልተለመደ ነው» እንዳትሉኝ። ነፍሰ ጡር ሯጭ ክፍያዋ አይቀነስ የሚል አንቀጽም ያልተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካዊቷ አሊሰን ፊሊክስና ሌሎች ሯጮች በአደባባይ ሲናገሩ በዚያው ዓመት ትልቁ ስፖንሰር ውሉን ቀይሯል። በቴኒስም ለወራት በጉዳት የራቀ ተጫዋች ሲመለስ፣ ከጉዳቱ በፊት የነበረውን ደረጃ ተጠቅሞ የተወሰኑ ውድድሮች ውስጥ መግባት ይችላል። እኛ ጋ ነጥብህ ጊዜው ሲያልፍ ይረግፋል፣ አንተም ከዜሮ ትጀምራለህ። ፌዴሬሽኖች ይህን ወደ ላይ ማንሣት ትችላላችሁ።

ማናጀሮች፣ እናንተ ከምንወዳደርበት ገንዘብ ድርሻ ትወስዳላችሁ። ነውር የለውም፣ ሥራችሁ ነው። ግን ሳንወዳደር የማይከፈለው ሰው መወዳደር እንችል እንደሆነ መወሰን የለበትም። አሰልጣኝም እንዲሁ። «ትችላለች» የሚለው ቃል ከሐኪሙ ይምጣ፤ ሐኪሙም ደሞዙ በሜዳሊያ ላይ ያልተንጠለጠለ ሰው ይሁን።

አሰልጣኞች፣ ከእናንተ የምፈልገው ገንዘብ አያስወጣም። የተጎዳውን ሯጭ ከግሩፑ አታውጡት። ፕሮግራም ስትጽፉ ለእሱም ጻፉለት፤ የብስክሌትም ይሁን የውሃ፣ ከሌሎቹ ጋር አንድ ገጽ ላይ ይሁን። ትራክ ላይ መጥቶ ሰዓት መያዝ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት፤ አንዳንዱ ይወዳል፣ አንዳንዱ ማየቱ ያመዋል፣ እኔ እወዳለሁ። ደግሞ በየሳምንቱ ደውሉ። ስትደውሉም «አሁን የትኛው ደረጃ ላይ ደረስሽ?» በሉኝ፤ ለእሱ ሁልጊዜ መልስ አለኝ።

የእኔ ውል በቅርቡ ይታደሳል። አንቀጹን ጽፌዋለሁ፣ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። ሌሎች ሯጮችም አንብበው አስተያየት ሰጥተውበታል፤ ያቺ ቅልጥሟን የሚያማት ልጅ አንድ ቃል አስወጥታብኛለች፣ ልክ ነበረች። በስብሰባው ላይ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። አይሆንም የምትሉ ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡን።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የረጅም ርቀት ሯጭ